ከሕፃን ጀርባ የተቀዳ ውሃ

ብልቃጧ ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም። ውስጧ ያለው ውሃ የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ አይሆንም። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ የእህቴን ልጅ ስምና የካርድ ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፋ ለጠፈችባትና መዳፌ ላይ አኖረቻት። «ወንድሜ፣ ካልቸር ለጊዜው እኛ ጋ አይሠራም። ወረቀቱን ይዘህ ፒያሳ ውረድ፤ መንገድ ላይ እንዳትቆም» አለችኝ። መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቷል።

ወደ ፒያሳ በእግሩ ለሚወርድ ሰው አቋራጩ በአትክልት ተራ ነበር። ያን ጊዜ ገበያው ገና ከቦታው አልተነሣም። አይሱዙዎች ሽንኩርትና ድንች ያራግፋሉ፤ ተሸካሚዎች የቲማቲም ሣጥን ደራርበው «ዞር! ዞር በሉ!» እያሉ ሰዉን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ መሬቱ በተረገጠ ጎመንና በበሰበሰ ሙዝ ያዳልጣል። ብልቃጧን በጡጫዬ ጨብጬ ደረቴ ላይ አስጠግቼ እሄዳለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መዳፌ አላበው። ስጋት የያዘኝ እዚያ ላይ ነው፤ ይህ ውሃ በሙቀት ቢበላሽስ? የፖሊዮ ክትባት ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ሣጥን ታየኝ። ውስጡ በረዶ ነው። ሐኪም ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ ቅዝቃዜ ይወዳል ብዬ ነው ያደግኩት። አንድ ጁስ ቤት ገብቼ በረዶ ለመንኩ። ልጁ የያዝኩትን ሲያይ ገንዘቤን መልሶ ፌስታሉን ሞላልኝ። ብልቃጧን በረዶው መሐል ቀበርኳትና የቀረውን መንገድ ልቤ ረግቶ ጨረስኩት።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በእኛ ሲመለሱ «ምንም አልበቀለም» ማለት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና ከካርዱ ጋር አያያዘው። ልጁ ሕክምናውን በግምት ቀጠለ።

በረዶው ምን እንዳደረገ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለ ልጁ በሽታ ልጽፍ አንድ ላቦራቶሪ ገብቼ በተቀመጥኩ ቀን።

የእህቴ ልጅ ሲታመም ሰባት ወሩ ነበር። መጀመሪያ የታየው ትኩሳት ብቻ ነው። እናቴ «ምች መትቶት ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችው። በማግስቱ ጡት እንቢ አለ። ሁላችንንም ግራ ያጋባን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲያቅፉት ይብስበታል፣ ሲያስተኙት ጸጥ ይላል። የታመመ ሕፃን የእናቱ ጀርባ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይሄኛው አዝለውት ሲነሡ እሪ ይላል። ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሁለት ቀን መርፌ ወጋው። ትኩሳቱ በረድ ሲል ደስ አለን። በአራተኛው ሌሊት አንዘፈዘፈው።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ወጣት ሐኪም ከሁሉ በፊት ሁለት ጣቱን የልጁ እርግብግቢት ላይ አሳረፈ። ሌላ ጊዜ ከልብ ምቱ ጋር ቀስ ብሎ የሚርገበገበው ስፍራ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። «ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው ውሃ መውሰድ አለብን» አለ። እናቴ አላመነችውም። የልጁን ራስ በመዳፏ ደግፋ አገጩን ወደ ደረቱ አጠፈችው። ታጠፈላት። «ልጄ፣ የታለ ማጅራቱ የገተረው?» አለችው።

ያን ጥያቄዋን አልረሳውም። እናቴ አልተሳሳተችም፤ የተናገረችው ቋንቋው የነገራትን ነው። አማርኛ ይህን በሽታ የሰየመው በምልክቱ ነው። ማጅራት ይገትራል፤ ስሙም ማጅራት ገትር ሆነ። ማጅራት ሰው ራሱ የማያየው ወገኑ ነው፤ ከኋላ የሚመታንን ዘራፊ ማጅራት መቺ የምንለውም ለዚህ ነው። በወረርሽኝ ዘመን በየገጠሩ ስንቱን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ያሮጠው ይህ ስም ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ ያቃተው ታማሚ ስሙን ከነበሽታው ተሸክሞ ይመጣል፤ ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም።

ስሙ የወጣው ግን ለአዋቂና ከፍ ላለ ልጅ ነው። ከዓመት ተኩል በታች ያለ ሕፃን አንጎሉን የሸፈነው ስስ ልባስ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አንገቱ አይገትርም። የራስ ቅሉ ገና አልገጠመምና ውስጡ የተጠራቀመው ግፊት በእርግብግቢቱ በኩል ወደ ላይ ይነሣል። ሌላው ምልክት ሁሉ የማንኛውም ሕመም ምልክት ነው፦ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ጡት አለመያዝ፣ መነጫነጭ ወይም ከልክ ያለፈ መፍዘዝ፣ መንዘፍዘፍ። አዲስ የተወለደ ከሆነ ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ሲታቀፍ የሚያለቅስ፣ ሲተኛ የሚረጋጋ ሕፃን ሐኪሞችን የሚያስደነግጠው፣ ጀርባው በታጠፈ ቁጥር የተቆጣው ልባስ ስለሚለጠጥ ነው። አንገቱ የማይናገርለት ልጅ የቀረው ምስክር አንድ ነው፤ አንጎሉንና የጀርባ ሕብለ ሰረሰሩን ከቦ የሚኖረው ያ ውሃ።

ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ሲኤስኤፍ» ይሉታል፤ አወሳሰዱን ደግሞ «ኤልፒ»። ቤተሰብ ዘንድ ስሙ አንድ ነው፦ የጀርባ ውሃ። አብሮት የሚመጣ ፍርሃትም አለ፤ እህቴም የተናገረችው ያንኑ ነው። «ዶክተር፣ ሽባ ይሆንብኛል» አለችው። የሚሞት ልጅ ነው ከጀርባው ውሃ የሚቀዳው ሲባል ሰምታለች። ይህን ወሬ የወለደው ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። መርፌው የሚወጋው በጠና የታመመ ልጅ ነው፤ ከታመሙት አንዳንዱ ይሞታል፤ ያየ ሰው የሚያስታውሰው በሽታውን ሳይሆን መርፌውን ነው።

ሐኪሙ አልተቆጣትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የገዛ ጀርባውን እያሳየ አስረዳት። ሕብለ ሰረሰር እስከ ታች አይወርድም። በአዋቂ ከወገብ አከርካሪዎች ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ግድም ያበቃል፤ በጨቅላ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሦስተኛው ዘንድ ይደርሳል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው፤ ከዳሌ አጥንቶች አናት ትይዩ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል። እዚያ ያለው ውሃና በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ ክሮቹም መርፌ ሲመጣባቸው ገለል ይላሉ። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ነው። አዋቂ ሰው ከዚህ ውሃ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመነጫል፤ ልጅም የተቀዳበትን ሳይቆይ ይተካል። መርፌው የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ልጁ ትንፋሹ ከተዳከመ፣ የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ራሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ያለፈ ከመሰለ፣ ወይም መርፌው የሚወጋበት ቆዳ ከቆሰለ መድኃኒቱ ይቀድማል፤ ውሃው በኋላ ይደርሳል።

እህቴ ፈረመች። ልጁን በጎኑ አስተኝተው፣ አንዲት ነርስ ጉልበቱንና ትከሻውን አቅፋ እንደ ሽል ጠቀለለችው። ያ አያያዝ የሥራው ግማሽ ነው አሉኝ በኋላ። ልጁ ከተወራጨ መርፌው የደም ሥር ይነካና ውሃው ከደም ጋር ተደባልቆ ይወጣል፤ ቆጠራውም ይዛባል። የእኛው ደም አልነካውም። ጠብታው ሲወርድ አየሁት። ጤነኛ ሰው ሲኤስኤፉ ከታሸገ የምንጭ ውሃ አይለይም። ይህ ግን እንደ አጓት ደፍርሶ ነበር።

ያ ድፍርስነት ራሱ የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ላቦራቶሪ የገባሁ ቀን ያነጋገረችኝ ባለሙያ ሥራዋን የጀመረችልኝ ከዚህ ነው። ብዙ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰች ሴት ናት፤ ስትናገር ቀኝ እጇ ሳይታወቃት የሌንሱን ማስተካከያ ታዞራለች። «ዓይንህ የሚለይልህ በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ ከሁለት መቶ ሕዋስ በላይ ሲኖር ነው። ከዚያ በታች ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥርት አለ ማለት ግን ጤና ነው ማለት አይደለም» አለችኝ።

ስለዚህ ይቆጠራል። በመስታወት ላይ የተሰመሩ ጥቃቅን ሜዳዎች አሉ፤ ውሃው እዚያ ላይ ይፈስና ነጭ የደም ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከጨቅላነት ባለፈ ጤነኛ ልጅ ከአምስት አይበልጡም፤ አዲስ የተወለደ እስከ ሃያ ገደማ ሊኖረው ይችላል። ባክቴሪያ ሲገባ ቁጥሩ ወደ መቶዎችና ሺዎች ይወጣል፤ አብዛኞቹም ኒውትሮፊል የተባሉት፣ ለባክቴሪያ ቀድመው የሚደርሱት ሕዋሳት ናቸው። ቫይረስ ከሆነ በአብዛኛው ቁጥሩ ያነሰ፣ ዓይነቱም ሌላ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ በእኛ አገር ይህኛው ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ ስኳርና ፕሮቲን ይለካል። በጤና ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለው ስኳር በደም ካለው ከግማሽ በላይ ነው፤ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ሲይዝ ያሽቆለቁላል፣ ፕሮቲኑ በአንጻሩ ይወጣል። የደሙ ስኳር በዚያው ሰዓት ካልተለካ ግን የውሃው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ጣት በመርፌ ጫፍ ወግቶ የሚለካ ነገር ነው፤ በጥድፊያ መሐል የሚረሳውም እርሱ ነው።

የሰው ሁሉ ልብ የሚሰቀልበት ግን ግራም ስቴይን ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ዘዴ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም፤ ከጀርባ ውሃ መቅዳትን ጀርመናዊው ሃይንሪክ ክዊንከ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ማጅራት ገትር አምጪውን ባክቴሪያ ደግሞ በመሐላቸው፣ በ1887፣ ቪየና ላይ አንቶን ቫይክሰልባውም ለይቶታል። በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስቱም ነገር ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። ውሃው በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ የዘቀጠው ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ሐምራዊ ቀለም፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ በመጨረሻ ቀይ ቀለም ይፈስበታል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባክቴሪያ ሐምራዊውን አጥብቆ ይይዛል፤ ግድግዳው የሳሳው በአልኮሉ ይታጠብና ቀዩን ይለብሳል። ሁሉም በደቂቃዎች ያልቃል።

ባለሙያዋ የማስተማሪያ ስላይዶች አሳየችኝ። በመጀመሪያው ሐምራዊ ጥንዶች ነበሩ፤ ጫፋቸው እንደ ጦር ሾል ያለ። ኒሞኮከስ ነው፤ ሳንባም ጆሮም አንጎልም የሚያጠቃው። በሁለተኛው ቀያይ ጥንዶች፤ ሁለት የቡና ፍሬ ሆዳቸውን አገናኝተው የተቀመጡ ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ ሊውጣቸው በመጣ ነጭ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ናቸው። ይህ ሜኒንጎኮከስ ነው፤ ወረርሽኝ የሚያስነሣው። በሦስተኛው ትንንሽ ቀያይ ዘንጎች ተበትነዋል፤ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ናቸው። «ይሄን አሁን አሁን ማየት ብርቅ ሆነ» አለችኝ። ኢትዮጵያ ሂሞፊለስ ዓይነት ቢን የሚከላከለውን ባለአምስት ክትባት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከሱን ደግሞ በ2011 ነው። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ጨርሷል። ያኔ ይሰጥ የነበረው የኒሞኮከስ ክትባት የሚሸፍነው ከብዙ አሥር ዓይነቶች አሥሩን ነው፤ ሜኒንጎኮከስን ጭራሽ አይመለከትም። ስለዚህ የክትባት ካርዱ ምርመራውን አይተካም።

ግራም ስቴይን ዓይነቱን ያመለክታል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም። ያን የሚናገረው ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት። ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚዘጋጀው ምግብ «ቸኮሌት አጋር» ይባላል። ቸኮሌት የለበትም። የበግ ደም ተሞቆ ቀይ ሕዋሱ ሲፈነዳ የሚያገኘው ቡናማ ቀለም ነው። ደሙ የሚሞቀው ሂሞፊለስ ያለ እነርሱ የማያድግባቸው ሁለት ነገሮች ከሕዋሱ ውስጥ እንዲወጡ ነው። ይህ ምግብ የፈሰሰባቸው ሳህኖች ከዚያ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ቦታ ይፈልጋሉ። ውድ ኢንኩቤተር በሌለበት ላቦራቶሪ ሰፊ ማሰሮ ይቀርባል፤ ሳህኖቹ ይደረደራሉ፤ ከላያቸው ሻማ ይለኮስና ክዳኑ ይገጠማል። ሻማው ኦክሲጅኑ ሲያንሰው በራሱ ይጠፋል፤ የተረፈው አየር ለባክቴሪያው ይስማማዋል። ማሰሮው በ37 ዲግሪ ያድራል። አንድ ሕፃን ምን እንደያዘው ለማወቅ በጨለማ ማሰሮ ውስጥ ሻማ የሚያበሩለት ሰዎች መኖራቸውን ካየሁ ወዲህ ላቦራቶሪን እንደ ድሮው አልፌው መሄድ አልሆነልኝም።

የበረዶውን ነገር የነገርኳት እዚህ ላይ ነው። እጇ ሌንሱን ማዞር አቆመ።

«በረዶ?» አለች። «ይሄ ባክቴሪያ ከሰው ሰውነት ሌላ ቤት የለውም። ቤቱ ደግሞ 37 ዲግሪ ነው። ብርድ እንዴት ይችላል ብለህ ነው?»

ክትባትን የሚያድነው ነገር ካልቸርን ይገድላል። ሜኒንጎኮከስም ሂሞፊለስም በብርድ ቶሎ ይሞታሉ። ብልቃጧ ደረቴ ላይ፣ ሸሚዜ ውስጥ፣ በገዛ ሙቀቴ ብትሄድ ይበቃት ነበር። ጊዜም እንዲሁ ነው። ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፤ ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የሚቆጠሩት ኒውትሮፊሎችም በክፍል ሙቀት ሲቆዩ ይፈራርሳሉ፤ ሁለት ሰዓት ከቆዩ ግማሽ ያህሉ የሉም። እኔ በረዶ ፍለጋ የቆምኩበት ሩብ ሰዓትም ከዚያው ላይ ተቀንሷል።

ከዚያ ደግሞ የክሊኒኩ መርፌ አለ። ስለ መርፌው ስትሰማ ባለሙያዋ በጣም አላዘነችብኝም፤ «በረዶውን ብቻ አትክሰስ» አለችኝ። በደም ሥር የተሰጠ ጥሩ አንቲባዮቲክ ሜኒንጎኮከስን ከውሃው ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊያጠፋው ይችላል፤ ኒሞኮከስም ከአራት ሰዓት በኋላ መጥፋት ይጀምራል። ሁለት ቀን የተወጋ ልጅ ውሃው ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ማግኘት ከባድ ነው። በግማሽ የታከመ ማጅራት ገትር የሚሉት ይህን ነው፤ በሽታው ሳይድን አሻራው ይጠፋል። ሐኪሙ ሕዋሱን ያያል፣ የስኳሩን መውረድ ያያል፣ ጠላቱን ግን አያይም።

ይህ የኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በአራት የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በማጅራት ገትር የታከሙ 425 ሰዎችን ካርድ አገላብጧል። ከእነርሱ የጀርባ ውሃ የተወሰደላቸው 56 በመቶ ገደማ ናቸው። ባክቴሪያው በስሙ የተለየው በ14 ሰዎች ብቻ ነው። ቁጥሩን ስመለከት የሚታየኝ የሌሎቹ ብልቃጥ ነው። ከፊሉ ቤተሰብ እንቢ ብሎ ያልተቀዳ፣ ከፊሉ መርፌ ቀድሞት የጸዳ፣ ከፊሉ ሪጀንት ያልጠበቀው። ውሃው ያልተናገረለት ልጅ ሐኪሙ ለሁሉም ይሆናል ያለውን መድኃኒት ይወስዳል፤ ሴፍትሪያክሰን ቀን ይቆጠርለታል። ማጅራት ገትር ያልነበረበትም አሥር ቀን አልጋ ላይ ይውላል፤ ወባ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የነበረበት ደግሞ ያልታከመው በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ሴፍትሪያክሰን እንዲህ ያለ ምስክር በዘፈቀደ በተወጋ ቁጥር የባክቴሪያዎቹ መላመድ ይፋጠናል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ለልጆቻችን የቀረን ዋናው መሣሪያ እርሱ ነውና።

መልስ የሚገኝበት ሌላ መንገድ ግን አለ። ፒሲአር የተባለው ምርመራ ሕያው ባክቴሪያ አይፈልግም፤ የሞተውም ባክቴሪያ ዘረመል ይበቃዋል። የታከመ ልጅ ውሃ ውስጥ የቀረውን ስብርባሪ አባዝቶ ስሙን ይነግራል። አስገራሚው ነገር፣ ለፒሲአር የሚቀመጥ ናሙና ቅዝቃዜ ይጠቅመዋል። ለካልቸር ገዳይ የነበረው በረዶ ለፒሲአር ጠባቂ ነው። የእኔ ስሕተት አንድ ብልቃጥ ብቻ መኖሯም ነበር፤ ሦስት ሆና ቢሆን አንዷ ሞቃ፣ አንዷ ቀዝቅዛ፣ አንዷ ለቆጠራ ትሄድ ነበር። ሩቅ ለሚላክ ናሙና ደግሞ ባክቴሪያው በሕይወት እንዲቆይ ምግብ ያለበት ልዩ ጠርሙስ ተሠርቶለታል፤ በወረዳ ጤና ጣቢያ የተቀዳ ውሃ በእርሱ ውስጥ ሆኖ ቀናት ተጉዞ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመት የዚህ ሥራ አድራሻ ጉለሌ ነው። የታክሲ ረዳት «ፓስተር! ፓስተር!» ሲል የሚጠራው ሰፈር ስሙን የወረሰው በ1940ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ሰዉ ግን ፓስተርን አልተወም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚመጣው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት፤ ቀበቶውን እ.ኤ.አ. በ1963 የሰየመው ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔሶኒ ነው። በሽታው አቧራና ደረቅ ነፋስ በሚበዛበት በበጋ ይነሣል፣ ዝናቡ ሲገባ ይረግባል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአገራችን ወደ 50 ሺህ ሰው ታመመ፤ አንድ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው ሞተ። በ1988 እና በ1989 እንደገና ተነሥቶ ከ40 ሺህ በላይ አዳረሰ። የእናቴ ዘመን ሰዎች «ማጅራት ገትር» ሲባል ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ይህን አይተው ነው።

ላቦራቶሪው ለአንድ ልጅ ከሚሰጠው መልስ ባሻገር ለአገር የሚሰጠው መልስ እዚህ ላይ ይታያል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ከጎንደር፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የ139 ታማሚዎችን የጀርባ ውሃ በፒሲአር ጭምር መረመሩ። ከመቶ 19ኙ ላይ ሜኒንጎኮከስ፣ ከመቶ 13ቱ ላይ ኒሞኮከስ ተገኘ። የሜኒንጎኮከሱ ምድብ ሲለይ ኤ አሥራ አንድ፣ ደብሊው ሰባት፣ ሲ አንድ፣ ኤክስ አንድ ሆነ። በዚያው በ2013 ኢትዮጵያ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች ምድብ ኤን የሚከላከለውን ሜንአፍሪቫክ መስጠት ጀመረች። ክትባቱ የታለመለትን አድርጓል፤ ከ2017 ወዲህ በመላው ቀበቶ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ምድብ ኤ አልታየም። የእነዚያ ብልቃጦች ውጤት ግን ሌላም ነገር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ምድባቸው ከተለየው ሃያ ሰዎች ዘጠኙን የያዛቸው ኤ አልነበረም። ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ዋይና ኤክስን በአንድነት የሚከላከለው አዲሱ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ ያገኘው በ2023 ነው፤ በ2024 ናይጄሪያ ቀድማ ሰጠችው። የትኛው ክትባት ለየትኛው አገር እንደሚገባ የሚወስነው ከሕፃናት ጀርባ የተቀዳው ውሃ ነው። ፈቅዳ የፈረመች እናት የሌሎች እናቶችንም ልጆች ትጠብቃለች፤ ይህን የሚነግራት ሰው ግን የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጀርባ ውሃው በተቻለ ፍጥነት፣ ከተቻለም ከመድኃኒቱ በፊት እንዲወሰድ፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ውሃ ይጠበቃል ተብሎ እንዳይዘገይ አዟል። ሁለቱ እኩል ክብደት አላቸው። ባክቴሪያ ካመጣው ማጅራት ገትር ከስድስት ሰው አንዱ ይሞታል፤ ከአምስቱ አንዱ ቋሚ ጉዳት ይዞ ይተርፋል። ስለዚህ ልጁ እየባሰበት ሳለ «መጀመሪያ ውሃ» ብሎ የሚከራከር ቤተሰብ እንዳይኖር እለምናለሁ። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ሰፈር ክሊኒክ የተሰጠውን መርፌ ስምና ሰዓት ማስታወስ፤ ካርዱን ወይም ባዶውን የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ መምጣት፤ ሐኪሙ ፈርሙ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ዘመድ አዝማድ አማክሮ አለማሳደር። አስታማሚ ሆኖ ብልቃጥ የሚቀበል ሰው ቢኖር ደግሞ እንዲህ በለው ትለኛለች ባለሙያዋ፦ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ሸሚዝህ ውስጥ ክተት፣ በረዶ አታሳየው፣ ሩጥ።

ብልቃጥ ተሸክሞ መሮጥ ግን የአስታማሚ ሥራ መሆን የለበትም። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎቻችን በር ላይ የሚሮጡ አጎቶችና አባቶች እስካሉ ድረስ ናሙናው የሚደርሰው በዕድል ነው። የአንድ ብልቃጥ ግራም ስቴይን አራት ጠርሙስ ፈሳሽና አንድ ደህና ማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው። በሕፃናት ክፍሉ አጠገብ፣ ሌሊትም እሑድም፣ አንድ የሚያየው ሰው ቢኖር ገበያ መሐል ሮጦ ማለፍ ባላስፈለገ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተነሣ፤ ቀጥሎም ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ፈርሶ የተሠራው ተሠራ። በቀደም ከእህቴ ልጅ ጋር ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚያው ቁልቁል ወርደን ነበር። አሥር ዓመት ሆኖታል፤ አሥራ አራት ቀን ተወግቶ ዳነ። ግራ ጆሮው እንደማይሰማ ያወቅነው አራት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ከሆስፒታል ሲወጣ መስማቱን የለካለት አልነበረም። አሁን ያ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ ጆሮው እንዲታይ ይላል።

መንገድ ስንሄድ ምንጊዜም በግራዬ በኩል ይሆናል፤ ማንም አላስተማረውም። «ጋሼ፣ እዚህ ምን ነበር?» አለኝ። ሽንኩርት የሚያራግፉትን መኪኖች፣ ተሸካሚዎቹን፣ ጁስ ቤቱን ነገርኩት። መኪና አለፈና ድምፄን ዋጠው። ጥቂት ቆም ብሎ ራሱን ዘንበል አድርጎ ቀኝ ጆሮውን አዞረልኝ፤ ከበረዶው ጀምሬ እንደገና ነገርኩት።